ከመቅረጫው የራቀ እጅ፤ በቤት ውስጥ ስቱዲዮ የድምፅ መቅረጫን ከርቀት የመቆጣጠር ታሪክ

መግቢያ

የድምፅ ቀረጻ ከጥንት ጀምሮ የሁለት ሰዎች ሥራ ነበር። አንደኛው ይዘፍናል ወይም ይጫወታል፤ ሁለተኛው ከመስተዋቱ ወዲያ ሆኖ መሣሪያውን ያስነሣል፣ ያቆማል፣ ወደ ኋላም ይመልሳል። በትልልቅ ስቱዲዮዎች ይህ የሥራ ክፍፍል ለረጅም ዘመን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሮ ኖሯል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው አባባል የሚስማማው ሥራ ቢኖር ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በራሱ ቤት፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ ጊዜ የሚቀርጽ ሙዚቀኛ ብቅ ሲል ክፍፍሉ ፈተና ላይ ወደቀ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ያለው እጅ ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጊታሩን ወይም ክራሩን እንደ ያዙ የመቅረጫውን ቁልፍ ማን ይጫንለት?

ዛሬ ይህ ጥያቄ መልስ አግኝቷል። በኪስ ስልክ ላይ በጣት በመንካት በሌላ ክፍል ያለ ኮምፒዩተር ቀረጻ ይጀምራል፣ ያቆማል፣ የድምፁንም መጠን ይለውጣል። ነገሩ ቀላል ይምሰል እንጂ ከበስተጀርባው ከሰባ ዓመት በላይ የፈጀ የምሕንድስና ጥረት አለ። ከጥረቱም ውስጥ ለባለሙያ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው የመሣሪያዎቹ ረቂቅነት ሳይሆን ተወዳዳሪ ኩባንያዎች ስለ አንድ የጋራ ቋንቋ ያደረጉት ስምምነት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የችግሩ ሥር

የርቀት መቆጣጠሪያ አስፈላጊነት ከምቾት ብቻ የመነጨ አይደለም። መሠረቱ የድምፅ ፊዚክስ ነው። የቴፕ መቅረጫ ሞተር ያጉረመርማል፤ የኮምፒዩተር ማቀዝቀዣም ይነፍሳል። ማይክሮፎን ደግሞ የፈለጉትንና ያልፈለጉትን ለይቶ አያውቅምና ሁሉንም ይሰማል። ነጸብራቅ በሌለበት ቦታ ከድምፅ ምንጭ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፁ መጠን በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ማሽኑ ከማይክሮፎኑ ከ1 ሜትር ወደ 4 ሜትር ቢርቅ 12 ዴሲቤል ያህል ይተርፋል ማለት ነው። በተራ የመኖሪያ ክፍል ውስጥ ግን ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስለሚመላለስ ትርፉ ከዚህ ያንሳል፤ ስለሆነም ማሽኑን ወደ ሌላ ክፍል ማውጣቱ ወይም በቁም ሣጥን ውስጥ መዝጋቱ ይመረጣል።

እንግዲህ ብቻውን የሚቀርጸው ሰው በሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች መካከል ይገኛል። ቁልፉን ለመጫን ማሽኑ እንዲቀርበው ይፈልጋል፤ ንጹሕ ድምፅ ለማግኘት ደግሞ እንዲርቀው ይፈልጋል። የርቀት መቆጣጠሪያ ታሪክ ይህን ተቃርኖ የመፍታት ታሪክ ነው።

የሌስ ፖል ቤት

ይህን ችግር አስቀድመው ከቀመሱት ሰዎች መካከል አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ሌስ ፖል ይገኛል። በ1915 በዊስኮንሲን ግዛት የተወለደው ይህ ሰው ሙዚቀኛም መሣሪያ ሠሪም ነበር። በሆሊውድ በነበረው ቤቱ ጋራዡን ስቱዲዮ አድርጎ፣ ጊታሩን በሸክላ ላይ ደጋግሞ በመደራረብ ብቻውን እንደ ብዙ ሰው የሚሰማ ሙዚቃ ያዘጋጅ ነበር። በ1949 ዘፋኙ ቢንግ ክሮስቢ አንድ የአምፔክስ ቴፕ መቅረጫ በስጦታ ሰጠው። ሌስ ፖልም በማሽኑ ላይ አንድ ተጨማሪ ራስ ገጠመበት፤ ይህም ቀድሞ የተቀረጸው ድምፅ ከመጥፋቱ በፊት ተነቦ ከአዲሱ ድምፅ ጋር እንደገና እንዲቀረጽ አስቻለው።

ዘዴው ድንቅ ቢሆንም ምሕረት የለሽ ነበር። እያንዳንዱ አዲስ ድርብርብ የቀድሞውን አጥፍቶ ስለሚተካ፣ በመጨረሻው ዙር ላይ የሚሠራ አንድ ስሕተት የቀድሞውን ድካም ሁሉ ይዞ ይሄድ ነበር። በዚህ ሁኔታ ሌስ ፖልና ባለቤቱ ሜሪ ፎርድ በኒው ዮርክ ከተማ ኩዊንስ በሚባለው ክፍል በነበራቸው መኖሪያ የሠሩት ቀረጻ በ1951 በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ የአንደኛነትን ስፍራ ለማግኘት በቃ። በቤት ውስጥ የተቀረጸ ሥራ ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ጋር ሊወዳደር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አልነበረም። ኋላም በ1957 አምፔክስ ስምንት ትራክ ያለው ማሽን ሠርቶ በኒው ጀርሲ ግዛት ማኋ ከተማ ለሚገኘው ቤቱ አስረከበው። አንዱ ትራክ ሲበላሽ ሌሎቹ ሰባቱ ስለሚተርፉ የቀድሞው ሥጋት በዚህ ተቃለለ።

ለዚህ ጽሑፍ ርእስ ይበልጥ የሚጠጋው ግን ሌላው ፈጠራው ነው። ሌስ ፖል በቤቱ የደራረበውን ድምፅ በመድረክ ላይ እንዴት እንደሚያሰማ ሲጨነቅ ቆይቶ፣ በጊታሩ ገላ ላይ ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሣጥን ገጠመ። ከመጋረጃ በስተጀርባ የተቀመጠውን ቴፕ መቅረጫ በዚህች ሣጥን አማካይነት ያዝዘው ነበር። ለመሣሪያው ያወጣለት ስም «ሌስ ፖልቨራይዘር» ይባላል። ስሙ አስቀድሞ በራዲዮ ዝግጅታቸው ላይ እንደ ቀልድ የተነገረ ሲሆን በኋላ ግን ቀልዱ እውነተኛ መሣሪያ ሆነ። ተጫዋቹ እጁን ከጊታሩ ሳያነሣ መቅረጫውን ሲያዝዝ ዛሬ በየቤቱ የሚሠራበት አሳብ በዚያ ታየ።

የሽቦው ዘመን

የስቱዲዮ ቴፕ መቅረጫዎች በሜካኒካል ማንሻ ፋንታ በሪሌና በሶሌኖይድ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ከዚህ በኋላ የርቀት መቆጣጠር ሥራ እጅግ ቀላል ሆነ፤ ቁልፉ ሲጫን አንድ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያለው መስመር ይዘጋል፣ ሪሌውም ቀሪውን ይሠራል። ቁልፎቹን ነቅሎ በብዙ ሽቦ ገመድ ጫፍ ላይ በትንሽ ሣጥን ማኖር በቂ ነበር። ቀጥሎም የቴፑን ጉዞ እየቆጠሩ ወደ ተፈለገው ቦታ በራሳቸው የሚመለሱ መሣሪያዎች መጡ።

በቤት ውስጥ ለሚሠራው ሰው ትልቁ እርምጃ በ1979 ታስካም ያቀረበው ፖርታስቱዲዮ 144 ነው። ይህ መሣሪያ በተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ ይቀርጽ ነበር። በዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ዘመን የተለመደው የእግር ማብሪያም የሚናቅ አልነበረም። ጊታሪስቱ የተበላሸችውን አንዲት ሐረግ ለማረም ሲፈልግ በትክክለኛዋ ቅጽበት በእግሩ ረግጦ ቀረጻውን ይጀምራል፣ ሐረጓም ስታልቅ እንደገና ረግጦ ይወጣል። ሁለት እጅ ላነሰው ሰው እግር ሦስተኛ እጅ ሆነለት።

ሆኖም የሽቦው ዘመን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን መሰኪያ፣ የራሱን የሽቦ አደራደርና የራሱን ቮልቴጅ ይጠቀም ነበር። የአንዱ መቆጣጠሪያ ለሌላው አያገለግልም። ማሽኑን የለወጠ ሰው መቆጣጠሪያውንም መጣል ነበረበት።

የ1983ቱ ስምምነት

ለውጡ የመጣው ከቀረጻ ሰዎች ሳይሆን ከኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ነው። በ1981 ዴቭ ስሚዝ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ የሲኩዌንሺያል ሰርኪትስ ኩባንያ መሥራች፣ ማናቸውም ሲንተሳይዘሮች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት አንድ ወጥ መስመር እንዲኖር ለድምፅ ምሕንድስና ማኅበር ጉባኤ ሐሳብ አቀረበ። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ሐሳቡን በብርቱ ደገፈ፤ ያማሃ፣ ኮርግና ካዋይም ተባበሩ። በጥር ወር 1983 በካሊፎርኒያ በተደረገው የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርኢት ላይ የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ሲንተሳይዘሮች በአንድ ገመድ ተያይዘው አንዱ ሲመታ ሌላው ሲያሰማ ታየ። የስምምነቱ ስም ሚዲ ነው።

የሚዲ አሠራር ለመሐንዲስ ዓይን የቁጠባ ምሳሌ ነው። መረጃው በሴኮንድ 31,250 ቢት ፍጥነት በአንድ መስመር ተራ በተራ ይጓዛል። እያንዳንዱ ባይት ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚሆን 320 ማይክሮ ሴኮንድ ይፈጃል። መስመሩ የ5 ሚሊ አምፒር ሞገድ የሚዞርበት ሲሆን፣ በተቀባዩ በኩል ብርሃን አመንጪና ብርሃን ተቀባይ ክፍሎች መሣሪያዎቹን በኤሌክትሪክ ይለያያሉ። በዚህም የተነሣ ከመሬት መስመር የሚመጣው የታወቀ ጉርምርምታ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው አይሻገርም። ባለ አምስት እሾሁ መሰኪያ በዚያን ጊዜ በየራዲዮ ሱቁ በርካሽ የሚገኝ ዕቃ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ባለቤቶቹ ለስምምነቱ የፈቃድ ክፍያ አለመጠየቃቸው ነው። ትንሹም ትልቁም ፋብሪካ ሳይከፍል ይጠቀምበት ጀመር። በ1985 የወጣው የአታሪ ኮምፒዩተር የሚዲ መሰኪያዎችን ከነተፈጥሮው ይዞ መጣ፤ በብዙ የአውሮፓ ቤቶችም የስቱዲዮ ልብ ሆኖ አገለገለ። ስሚዝና ካኬሃሺ ለዚህ ሥራቸው በ2013 የቴክኒካል ግራሚ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ለማሽን የሚነገር ቋንቋ

የመጀመሪያው ሚዲ ጀምር፣ ቀጥል፣ አቁም የሚሉ ትእዛዛት ነበሩት፤ የቴፕ መቅረጫን ሙሉ ሥራ ለማዘዝ ግን አይበቁም። በ1992 የሚዲ አምራቾች ማኅበር ለዚሁ የሚያገለግል ተጨማሪ ስምምነት አጸደቀ። ቀላል ትእዛዝ ስድስት ባይት ብቻ ነው። ለምሳሌ በመስመሩ ላይ ያሉት ማሽኖች ሁሉ መጫወት እንዲጀምሩ ሲፈለግ 240፣ 127፣ 127፣ 6፣ 2፣ 247 የሚሉት ቁጥሮች ይላካሉ። አምስተኛው ቁጥር ትእዛዙ ራሱ ነው፤ 1 ሲሆን አቁም፣ 2 ሲሆን ተጫወት፣ 4 ሲሆን ወደ ፊት ሩጥ፣ 5 ሲሆን ወደ ኋላ ተመለስ፣ 6 ሲሆን ቅረጽ፣ 7 ሲሆን ከቀረጻ ውጣ ማለት ነው። ሦስተኛው ቁጥር የማሽኑ መለያ ሲሆን 127 «ሁላችሁም» ማለት ነው። ስድስቱ ባይት ተልከው ለማለቅ የሚፈጁት ጊዜ 1.92 ሚሊ ሴኮንድ ነው። በዚህ ጊዜ ድምፅ በአየር ውስጥ 66 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል፤ ስለዚህ መዘግየቱ ለጆሮ አይታወቅም።

ይህ ስምምነት ሁለት ዓይነት ግንኙነትን ይፈቅዳል። በአንደኛው ትእዛዝ ሰጪው ይናገራል እንጂ መልስ አይሰማም፤ አንድ ገመድ ይበቃዋል። በሁለተኛው ማሽኑ መልስ ይሰጣል፤ ሁለት ገመድ ያሻል። ልዩነቱ በተለይ በቀረጻ ላይ ከባድ ነው። ትእዛዙ መድረሱን ሳያረጋግጥ መዝፈን የጀመረ ሰው ምናልባት ዳግመኛ የማይመጣለትን ዜማ ለባዶ ቴፕ ሊሰጥ ይችላል። የመቆጣጠሪያ ምሕንድስና የተማረ ሁሉ ዝግና ክፍት ዑደት የሚለውን ትምህርት ያስታውሳል፤ እዚህ ላይ ያ ትምህርት በዘፋኝ ላብ ይመነዘራል።

በዚያው ዘመን አሌሲስ የተባለው ኩባንያ በ1991 ያስተዋወቀው አዳት የተሰኘ ዲጂታል መቅረጫ በቪዲዮ ካሴት ላይ ስምንት ትራክ ይቀርጽ ነበር። እስከ 16 ማሽኖች ተያይዘው 128 ትራክ መሆን ይችሉ ነበር። ከማሽኑ ጋር ትንሽ የርቀት መቆጣጠሪያ አብራ ትመጣለች፤ የበለጠ ለፈለገ ደግሞ ትልቁ መቆጣጠሪያ ለብቻው ይሸጥ ነበር። ቀድሞ የባለጸጋ ስቱዲዮ ዕቃ የነበረው መቆጣጠሪያ በዚህ መንገድ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ።

ኮምፒዩተሩ መቅረጫ ሲሆን

በ1991 ዲጂዲዛይን ፕሮ ቱልስን ሲያቀርብ፣ በ1996ም ኪውቤዝ ተጨማሪ ልዩ መሣሪያ ሳያሻው በኮምፒዩተሩ በራሱ ኃይል ድምፅን ማቀነባበር ሲጀምር፣ መቅረጫው ከማሽንነት ወደ ፕሮግራምነት ተለወጠ። ከዚህ ጋር አንድ ትልቅ እፎይታ መጣ። በቴፕ ላይ በስሕተት የተጫነ የቀረጻ ቁልፍ የነበረውን ያጠፋ ነበር፤ በዲስክ ላይ ግን አዲሱ በአዲስ ፋይል ስለሚጻፍ አሮጌው አይጠፋም። ሌስ ፖልን ያስጨነቀው ፍርሃት በዚህ ተወገደ።

ነገር ግን እጅ ያጣው ነገር ነበር። አሥር ጣት በአንድ ጊዜ የሚሠራባቸው ተንሸራታች መቆጣጠሪያዎች በአንዲት የመዳፊት ቀስት ተተኩ። ይህን ለመመለስ ማኪ የተባለው ኩባንያ ከዲጂዲዛይን ጋር በመተባበር በ1997 በሞተር የሚንቀሳቀሱ ተንሸራታቾች ያሉት መቆጣጠሪያ አወጣ። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የድምፅ መጠን ሲለወጥ በጠረጴዛው ላይ ያለው ተንሸራታች ማንም ሳይነካው ቦታውን ይለውጣል። ፕሮግራሙና መሣሪያው በየሴኮንዱ ገደማ «አለህ?» «አለሁ» እየተባባሉ ግንኙነታቸው አለመቋረጡን ያረጋግጣሉ። ዝግ ዑደት ማለት ይህ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ሚዲ የቁጠባውን ዋጋ መክፈል ነበረበት። ተራው የሚዲ መቆጣጠሪያ መልእክት ከ0 እስከ 127 ብቻ ስለሚቆጥር ለድምፅ መጠን ጥራቱ አነስተኛ ነው። ኩባንያው ቆይቶ ያወጣው ማኪ ኮንትሮል የተባለው መሣሪያ በዚህ ፋንታ የድምፅ ቅጥነትን ለማጠፍ የተዘጋጀውን ባለ 14 ቢት መልእክት ለተንሸራታቾቹ ተዋሰ። መልእክቱ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ብቻ በመሆኑ ስምንቱ ተንሸራታቾችና ዋናው ከአሥራ ስድስቱ የሚዲ መስመሮች ዘጠኙን ያዙ። ዘዴው ጥገና ቢመስልም ሠራ፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተቀበሉት፤ ዛሬም አብዛኛዎቹ የቀረጻ ፕሮግራሞች ይረዱታል።

ከሽቦ ወደ አየር

በ1997 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ማት ራይትና ኤድሪያን ፍሪድ ኦፕን ሳውንድ ኮንትሮል የተባለ ሌላ ቋንቋ አቀረቡ። ይህኛው ለኮምፒዩተር ኔትዎርክ የታሰበ ሲሆን ትእዛዞቹ ቁጥር ሳይሆኑ በቃላት የተጻፉ አድራሻዎች ናቸው። «ትራክ ሦስት፣ መጠን» የሚል አድራሻ ተጽፎ ከዋጋው ጋር ይላካል፤ ሰውም ሊያነበው ይችላል። ሪፐርና አርዶር የተባሉት የቀረጻ ፕሮግራሞች ይህን ቋንቋ ከሚያውቁት መካከል ናቸው።

ቋንቋው የተሠራው ለቤት ሙዚቀኛ ባይሆንም ዕድሉ ወደዚያ መራው። በ2007 አይፎን፣ በ2010 ደግሞ አይፓድ ለገበያ ሲቀርቡ የሚነካ መስታወትና ገመድ አልባ ኔትዎርክ በአንድ ዕቃ ውስጥ ተገናኙ። በ2013 አፕል ሎጂክ ለተባለው የቀረጻ ፕሮግራሙ በአይፓድ ላይ የሚሠራ መቆጣጠሪያ አወጣ። የጊታሩ ላይ ሣጥን ወደ ኪስ ገባ።

አየሩ ግን እንደ ሽቦው ታማኝ አይደለም። ኦፕን ሳውንድ ኮንትሮል አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዝበት የኔትዎርክ ደንብ መልእክቱ ለመድረሱ ዋስትና አይሰጥም። የተንሸራታች መልእክት አንዱ ቢጠፋ የሚከተለው ያርመዋል፤ የ«ቅረጽ» ትእዛዝ ቢጠፋ ግን የሚከተለው የለም። በመሆኑም በደንብ የተነደፈ መቆጣጠሪያ የቀረጻውን ቀይ መብራት የሚያበራው ጣት ስለነካው ሳይሆን ፕሮግራሙ «ጀምሬያለሁ» ብሎ ሲመልስ ነው። በዚህ ላይ ለስላሳው መስታወት ለጣት ምንም አይነግርም። እውነተኛ ቁልፍ በጨለማም ይዳሰሳል፤ መስታወቱን ግን ማየት ግድ ነው። ዓይነ ስውር ሙዚቀኛም ሆነ ዓይኑን ከኖታው መንቀል የማይፈልግ ተጫዋች እስከ ዛሬ የእግር ማብሪያውን ያልተወው ስለዚህ ነው።

በአገር ቤትና በስደት

በኢትዮጵያ የሸክላ ዘመን፣ ለምሳሌ አምሃ ሪከርድስ በ1969 ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ የባንድ ሥራ ማለት ሙዚቀኞች በአንድነት ተሰብስበው የሚጫወቱት ነበር። የካሴት ዘመን ተከተለ፤ ኪቦርድና ኮምፒዩተር ሲገቡ ደግሞ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን አንድ አቀናባሪ ብዙውን ክፍል በቤቱ ማዘጋጀት ቻለ። የክራር ወይም የመሲንቆ ድምፅ ለስላሳ በመሆኑ የማሽን ጉርምርምታ ፈጥኖ ይሸፍነዋል፤ መሲንቆ የሚመታ ሰውም ሁለት እጁ የተያዘ ነው። በአንድ ክፍል ቤት ለሚሠራ ሰው ኮምፒዩተሩን ከበር ውጭ አስቀምጦ ባለው ስልክ ማዘዝ ሌላ ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ይሆናል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ግን ከኮምፒዩተሩ ጋር የኔትዎርኩን ማሠራጫም በመጠባበቂያ ባትሪ ላይ ማኖር እንደሚያስፈልግ አይዘነጋ፤ አለዚያ መቅረጫው በሕይወት እያለ አዛዡ ይጠፋል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ አንድ ሚዛን ይወጣል። በ1983 የተሠራ ባለ አምስት እሾህ መሰኪያ ያለው ኪቦርድ ዛሬ ከተገዛ ኮምፒዩተር ጋር በርካሽ መሸጋገሪያ ተገናኝቶ ይሠራል። ከዚያ በኋላ የተሠሩ፣ በአንድ ኩባንያ ምሥጢራዊ ፕሮግራም ላይ ብቻ የተመሠረቱ ብዙ መቆጣጠሪያዎች ግን የኮምፒዩተሩ ሥርዓት በተለወጠ ጊዜ አካላቸው ሳይጎዳ ዕቃ ቤት ገብተዋል። የመጀመሪያዎቹን ያቆያቸው የብረታቸው ጥንካሬ ሳይሆን በሁሉም ዘንድ የታወቀ፣ ያለ ክፍያ የታተመ ስምምነት ነው። የሚዲ ሁለተኛው እትም በ2020 ሲጸድቅ ከአሮጌዎቹ መሣሪያዎች ጋር መግባባትን እንደ ግዴታ የያዘው ይህ በመታወቁ ነው።

ስለዚህ ለስቱዲዮ መሣሪያ የሚመርጥ፣ የሚገዛ ወይም የሚነድፍ መሐንዲስ ከዋጋውና ከውበቱ አስቀድሞ ሁለት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። መሣሪያው የሚናገረው ቋንቋ የማን ነው? ትእዛዙ መፈጸሙንስ ለአዛዡ ይመልሳል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተመለሱለት ሙዚቀኛ ሁለተኛ ሰው ባይኖረውም በልበ ሙሉነት ይቀርጻል። ያልተመለሱለት ግን መሣሪያው የቱን ያህል ቢረቅቅ ዜማውን ትቶ መብራቱን ሲጠብቅ ይኖራል።